ሸክላ ያልያዘው ድምፅ፤ ስለ ቢትልስ የራዲዮ ዘመን የተደረገ ዲስኩር



የዚህ ቤተ መጻሕፍት ወዳጆች በፊታችሁ ቆሜ ስለ ሙዚቃና ስለ ራዲዮ ጥቂት እንድናገር በደብዳቤ በጋበዙኝ ጊዜ፣ አርእስቱን የመምረጡን ፈቃድ ለእኔ ትተውልኝ ስለ ነበር፣ ብዙ ሳላወላውል ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤን ይዞት የኖረውን ነገር መረጥሁ። ይኸውም ቢትልስ የተባሉት አራት የሊቨርፑል ልጆች ስማቸው ዓለምን ከመሙላቱ አስቀድሞ እንዴት እንደ ኖሩ፣ በዚያውም ዘመን በቢቢሲ ስቱዲዮ ውስጥ ቆመው ያሰሙት ሙዚቃ ምን እንደ ሆነ መናገር ነው። ጋባዦቼን ስለ ሰጡኝ ክብር፣ እናንተንም የዕለት ሥራችሁን ትታችሁ ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስለነዚህ ሰዎች ሀብትና ዝና፣ ስለ ጠጉራቸው ርዝመትና በየአደባባዩ ስላስለቀሷቸው ወጣቶች ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ወደዚያ አልገባም። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው ነገር አንድ ነው፦ እነዚህ ልጆች ከሁሉ በፊት ብርቱ ሠራተኞች፣ በመሣሪያቸውም በጉሮሮአቸውም የተፈተኑ ሙዚቀኞች እንደ ነበሩ ከሸክላዎቻቸው ይልቅ አብልጦ የሚመሰክርላቸው በራዲዮ የቀረጹት ሙዚቃ ነው። ይህንንም ለማስረዳት አስቀድሜ ሙያውን ከየት እንደ ተማሩት፣ ቀጥዬ ራዲዮ ስለ ምን እንደ ፈለጋቸው፣ ከዚያም በስቱዲዮው ውስጥ ምን እንደ ሠሩ፣ በመጨረሻም ያ ሁሉ ድምፅ እንዴት ሊጠፋ ደርሶ እንደ ተረፈ እናገራለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ከትምህርታቸው ልጀምር። ሊቨርፑል በእንግሊዝ አገር በምዕራቡ ጠረፍ ያለች የወደብ ከተማ ስትሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሮፕላን ቦንብ ክፉኛ የተደበደበች ናት፤ ልጆቹም የተወለዱት በዚያው በጦርነቱ ዘመን ነው። ጁላይ 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ዉልተን በሚባለው ሠፈር በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሰበካው በዓል ሲከበር፣ የ16 ዓመቱ ጆን ሌነን ኳሪመን ከተባሉት ጓደኞቹ ጋራ ጊታር ይዞ ይጫወት ነበር። በዚያም ቀን የ15 ዓመቱን ፖል ማካርትኒን አስተዋወቁት፤ በሚከተለውም ዓመት ከሁለቱም በዕድሜ የሚያንሰው ጆርጅ ሃሪሰን ተጨመረ። በዓለም ላይ ይህን ያህል ወሬ የተወራለት ማኅበር ጥንቱ በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በዓል ላይ መሆኑን ሳስብ፣ ነገሩ ዘወትር ደስ ይለኛል።

ነገር ግን እውነተኛው ትምህርት ቤታቸው ከአገራቸው ውጭ ነበረ። በኦገስት 1960 ዓ.ም. ፒት ቤስት የተባለውን ድራም መቺ፣ ስቱዋርት ሳትክሊፍ የተባለውንም ቤዝ ጊታር ተጫዋች ይዘው ባሕር ተሻግረው ጀርመን አገር ሃምቡርግ ገቡ። በዚያም ብሩኖ ኮሽሚደር በሚባል ባለቤት እጅ በነበሩት ኢንድራ እና ካይዘርኬለር በተባሉት የምሽት ቤቶች በሥራ ቀን 4 ሰዓት ተኩል፣ በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ 6 ሰዓት እየቆሙ ይጫወቱ ጀመር። አስቡት፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ መርከበኛና ሰካራም በተሰበሰበበት አዳራሽ፣ ሌሊቱ እስኪጋመስ ድረስ ያለ ብዙ ዕረፍት መዝፈን አለበት፤ የሚያውቀው ዘፈን ካለቀበት ወይ ያንኑ ይደግማል ወይ ሌላ ይማራል፤ ቢያንቀላፋ ሰሚው ትቶት ይወጣል። በአገራችን የዜማ ቤት ተማሪ በሌሊት ተነሥቶ፣ መጽሐፍ ሳይገልጥ፣ ከመሪጌታው ፊት ቆሞ ድጓውን በቃሉ እንዲያወጣና ቃሉ ከአጥንቱ ጋራ እስኪዋሐድ ድረስ እንዲመላለስበት እንደሚደረግ፣ እነዚህም ልጆች የቸክ ቤሪንና የሊትል ሪቻርድን፣ የካርል ፐርኪንስንና የሌሎችንም የአሜሪካ ዘፋኞች ዜማ በቃላቸው ያጠኑት በዚያ ዓይነት ምልልስ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞአቸው ያለቀው በችግር ነበር፤ በኖቬምበር 1960 ዓ.ም. ጆርጅ ሃሪሰን ዕድሜው 18 ሳይሞላ በሌሊት ይሠራል ተብሎ ከጀርመን አገር እንዲወጣ ተደረገ። እነርሱ ግን እስከ 1962 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ደጋግመው ተመልሰዋል። በአገራቸውም ሳሉ በማቲው ጎዳና ካቨርን በሚባለው፣ ከምድር በታች ባለው ጠባብ ክበብ ውስጥ፣ ከ1961 እስከ ኦገስት 1963 ዓ.ም. ድረስ ወደ 300 ጊዜ ያህል ተጫውተዋል፤ ከዚያም ብዙው በምሳ ሰዓት፣ የቢሮ ጸሐፊዎችና የሱቅ ሠራተኞች እንጀራቸውን ይዘው በሚመጡበት ጊዜ የተደረገ ነበር።

በኖቬምበር 1961 ዓ.ም. ብራያን ኤፕስታይን የተባለ፣ በከተማው የሸክላ መደብር የነበረው ወጣት ነጋዴ በዚያ ክበብ ሰማቸውና ሥራቸውን ሊመራ ተነሣ። በ1962 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቀን ወደ ለንደን ይዟቸው ወርዶ፣ ዴካ በተባለው የሸክላ ኩባንያ ፊት 15 ዘፈን አሰሙ፤ ኩባንያውም ሳይቀበላቸው ቀረ። ይህ ታሪክ በብዙ አፍ ስለ ተነገረ እናንተም ሰምታችሁት ይሆናል። ብዙ ሰው የማያነሣው ግን ይህ ከሆነ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን፣ በማንቸስተር ከተማ በቢቢሲ ፈታኝ ፊት መቅረባቸው ነው። ፈታኙ ፒተር ፒልቢም የሚባል የራዲዮ አዘጋጅ ነበር። በፈተናው ወረቀት ላይ ስለ ዘፋኞቹ ለእያንዳንዳቸው ሲጽፍ፣ ለሌነን «አዎን»፣ ለማካርትኒ ግን «አይሆንም» የሚል ምልክት አደረገ፤ ባንዱን በጠቅላላው ግን ተቀበለው። በማካርትኒ ላይ የሰጠው ፍርድ ስሕተት መሆኑን ዛሬ ማንም ያውቃል። እኔ ግን ይህን ሰው አመሰግነዋለሁ፤ ታላቁ የሸክላ ኩባንያ የዘጋውን በር የከፈተ እርሱ ነውና።

ወገኖቼ፣ ሁለተኛው ነገር፣ ራዲዮ ስለ ምን ፈለጋቸው? ምክንያቱ ደግነት ብቻ አልነበረም፤ ሕግ ነበረ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ምድር ላይ በራዲዮ ለማሰራጨት የተፈቀደለት ቢቢሲ ብቻ ሲሆን፣ ይህም ድርጅት ሸክላን እንደ ልቡ ማጫወት አይችልም ነበር። የሙዚቀኞች የሠራተኛ ማኅበር፣ «ራዲዮው ቀኑን ሙሉ ሸክላ ሲያዞር ከዋለ ሕያው ሙዚቀኛ ምን ሠርቶ ይበላል?» ብሎ ስለ ተሟገተ፣ ከሸክላ ኩባንያዎችም ጋራ ውል ስለ ተደረገ፣ በቀን ውስጥ ሸክላ የሚጫወትበት ሰዓት በቁጥር ተወስኖ ነበር። እንግዲህ ራዲዮው የቀረውን ሰዓት በምን ይሙላው? ኦርኬስትራዎችን፣ ዘፋኞችን፣ በየከተማው ያሉትንም ወጣት ባንዶች ጠርቶ በስቱዲዮው እያስጫወተ በቴፕ መቅረጽ ግድ ሆነበት። ለሙዚቀኞች እንጀራ ተብሎ የቆመ ደንብ ለኋላ ዘመን ሰዎች የማይገኝ ቅርስ አተረፈ፤ እኔም በዚህ ጉዳይ ፍርዴ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋራ ነው። ያ ደንብ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምናገርበት አንዳች ቴፕ ባልኖረ ነበር።

ማርች 7 ቀን 1962 ዓ.ም. በማንቸስተር ፕሌይሃውስ በሚባለው ቲያትር ቤት፣ በወጣት ተመልካቾች ፊት ተጫወቱ፤ በማግሥቱም ሦስት ዘፈኖች በራዲዮ ተሰሙ። ሦስቱም የአሜሪካ ዘፋኞች ዜማዎች ነበሩ። በጁን ወር ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ግን ካሰሟቸው መካከል አንዱ «አስክ ሚ ዋይ» የሚባለው የሌነንና የማካርትኒ የራሳቸው ድርሰት ነበር። ልብ በሉ፤ በራሳቸው ስም የወጣው የመጀመሪያ ሸክላ «ላቭ ሚ ዱ» በገበያ የታየው ኦክቶበር 5 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፤ ራዲዮ ሰሚው ሕዝብ ግን ድርሰታቸውን ከአራት ወር ያህል በፊት በጆሮው ሰምቶታል። በዚህ መካከል፣ በኦገስት ወር፣ ፒት ቤስት ወጥቶ ሪንጎ ስታር ገባ፤ ሳትክሊፍም አስቀድሞ ወጥቶ ስለ ነበር የአራቱም ሰዎች መልክ ሞላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ፤ ጥቂት ብቆይበትም ታገሡኝ።

ከማርች 1962 እስከ ጁን 1965 ዓ.ም. ድረስ ባሉት ዓመታት ቢትልስ በ52 የቢቢሲ ራዲዮ ፕሮግራሞች ላይ ተጫውተዋል፤ ያሰሟቸው ዘፈኖች 88 ሲሆኑ አንዳንዱን ደጋግመው ስለ ተጫወቱት ጠቅላላው 275 ጊዜ ይሆናል። ከእነዚህም ከ88ቱ ውስጥ 36ቱ በዚያን ጊዜ በሸክላ ፈጽመው አልወጡም። ይህን ቁጥር ደግሜ ልናገረው፦ 36 ዘፈን! ሌላ ባንድ ቢሆን ይህ ብቻውን ሦስት አልበም በሞላ ነበር። ከፕሮግራሞቹም ብዙዎቹ በ1963 ዓ.ም. አንድ ዓመት ውስጥ የተደረጉ ናቸው። ቅዳሜ ጧት ብራያን ማቲው እያስተዋወቀ በሚያቀርበው «ሳተርዴይ ክለብ» በተባለው ፕሮግራም ላይ ይመላለሱ ነበር፤ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ደግሞ ዘወትር ማክሰኞ ከቀትር በኋላ «ፖፕ ጎ ዘ ቢትልስ» የተባለ የራሳቸው ፕሮግራም ተሰጣቸው፤ ይህም 15 ጊዜ ተሰራጨ።

የሥራውን ጠባይ ላስረዳ። በስቱዲዮው ውስጥ አራቱም በአንድነት ይቆማሉ፤ ጊታሩም፣ ድራሙም፣ ድምፁም በአንድ ጊዜ በአንድ መስመር ላይ ይቀረጻል። ተሳሳተ የተባለውን እንደገና መጀመር ይቻላል፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ዘፈን ይጠብቃል፣ ሰዓቱም ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሞክረው ይጨርሱታል። አልፎ አልፎ ብቻ ከአንዱ ቴፕ ወደ ሌላው እየገለበጡ ድምፅ በድምፅ ላይ ይደርባሉ። ይህንንም የሚሠሩት በየመንደሩ ለሚያደርጉት ትርዒት በመኪና ሌሊት ሲጓዙ አድረው ነበር። ጁላይ 16 ቀን 1963 ዓ.ም. በለንደን ፓሪስ ቲያትር በተባለው የቢቢሲ ስቱዲዮ ገብተው፣ በአንድ ቀን ለሦስት ፕሮግራም የሚሆኑ 18 ዘፈኖች ቀረጹ። የመጀመሪያውን አልበማቸውን ከሞሉት 14 ዘፈኖች ዐሥሩን ፌብሩዋሪ 11 ቀን በዚያው ዓመት በአንድ ቀን መቅረጻቸው እስከ ዛሬ እንደ ተአምር ይነገርላቸዋል፤ የጁላዩ ቀን ግን ከዚያ የበለጠ ሆኖ ሳለ ማንም አይጠቅሰውም። ለእነርሱ እንደዚያ ያለው ቀን የተለመደ ነበረና። ሃምቡርግ ያስለመዳቸው ይህን ነው።

እስቲ ምሳሌ ልጥቀስ። በዚያው በጁላይ ወር ከቀረጹት መካከል «ሶልጀር ኦፍ ላቭ» የሚባል፣ አርተር አሌክሳንደር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ ያወጣው ዜማ አለ። ሌነን ግጥሙን በቀስታና በኀዘን ቃና ሲያወጣው፣ ሁለቱ ጓደኞቹ ከኋላ ሆነው በድምፃቸው ይደግፉታል፤ ድራሙ አይቸኩልም፣ ጊታሩም ቦታውን አይለቅም። በዘመኑ ካወጧቸው ሸክላዎች ከብዙዎቹ ይበልጣል ብል አላፍርም፤ እነርሱ ግን በራዲዮ አሰምተው ተዉት። እንዲሁም «አይል ቢ ኦን ማይ ዌይ» የሚባለውን የሌነንና የማካርትኒን ድርሰት ለሌላ ዘፋኝ ለቢሊ ጄ. ክሬመር ስለ ሰጡት፣ በራሳቸው ድምፅ የሚገኘው በ1963 ዓ.ም. በቢቢሲ በቀረጹት ብቻ ነው። ራዲዮው ባይኖር ይህን ድርሰት ከባለቤቶቹ አፍ የምንሰማበት መንገድ አልነበረም።

ሁሉ ያማረ ነው ብዬ ግን አላታልላችሁም፤ ፍቅር ዐይንን ሊያሳውር አይገባም። ጥድፊያው የሚሰማባቸው ቦታዎች አሉ፤ ጆርጅ ሃሪሰን ለብቻው በሚጫወትበት ቦታ አንዳንድ ጊዜ ጣቱ ይሰናከላል፤ ሌሊት የተጓዘ ጉሮሮም ሻካራ ሆኖ ይወጣል። ደግሞም በሸክላ የወጣውን ዘፈን ሰሚው ያንኑ እንዲገዛ ሲሉ ብዙም ሳይለውጡ የደገሙባቸው ጊዜያት አሉ፤ እነዚያ ብዙ አያስተምሩም። ነገር ግን ያ መሰናከል ራሱ የሚነግረን ነገር አለ፤ የምንሰማው ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ቆመው፣ አንዱ ሌላውን እያየ፣ በዚያች ደቂቃ የሠሩትን ሥራ ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ባንዱ የአደባባይ ትርዒት ትቶ በስቱዲዮ ተዘግቶ በወራት ትጋት የሠራቸው አልበሞች ክብራቸው ከፍ ያለ ነው፤ ቢሆንም በእነርሱ ውስጥ የየሰዉን ድርሻ ከማሽኑ ድርሻ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። በራዲዮው ቴፕ ላይ ግን ማሽን የደገፈው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

በዘፈኖቹ መካከል የሚደረገውንም ጨዋታ ሳላነሣ አላልፍም። አስተዋዋቂው ይጠይቃቸዋል፤ እነርሱ ይመልሳሉ፣ ይቀልዳሉ፤ ከየአገሩ የመጣውን የሰሚ ደብዳቤ አንሥተው የላኪውን ስም እየጠሩ ያነብባሉ። ያን ጊዜ በራዲዮ የሚናገረው ሰው የለንደንን የተማረ አነጋገር ካልያዘ አይቀርብም ተብሎ የሚታመንበት ዘመን ስለ ነበር፣ እነዚህ ልጆች በሊቨርፑል አነጋገራቸው ሳያፍሩ መናገራቸው ለብዙ የሠራተኛ ልጅ ትልቅ ነገር ሆኖ ነበር።

ፍጻሜው ባጭሩ እንዲህ ነው። በ1964 ዓ.ም. ባንዱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ጊዜውም ጠበበ፤ በራሱም ድርሰት ላይ አተኮረ። በዚያው ዓመት በማርች ወር ራዲዮ ካሮላይን የተባለው ጣቢያ ከባሕር ላይ ከመርከብ ሆኖ ሸክላ ያለ ገደብ ያሰማ ጀመር። የቢትልስ የመጨረሻ የቢቢሲ የሙዚቃ ፕሮግራም ጁን 7 ቀን 1965 ዓ.ም. ተሰራጨ። ልማዱ ግን በእነርሱ አልቆመም፤ ጆን ፒል የተባለው አስተዋዋቂ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ ያልታወቁ ባንዶችን በስቱዲዮ እያስቀረጸ አሳድጎታል።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ቴፖቹ ዕጣ ነው፤ ይህንም የምናገረው እያዘንሁ ነው። ቴፕ በዚያን ጊዜ ውድ ዕቃ ነበረ፤ ፕሮግራሙ ከተሰራጨ በኋላ ድምፁ እየተደመሰሰ ሌላ ነገር ይቀረጽበት ነበር። ስለዚህ ቢቢሲ በ1982 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሥርጭት 20ኛ ዓመት ለማክበር አንድ ልዩ ፕሮግራም ሲያዘጋጅ፣ በገዛ ቤቱ ያገኘው ጥቂት ብቻ ሆነ። አንዳንዱ ወደ ውጭ አገር ራዲዮ ጣቢያዎች ተልኮ በነበረ ሸክላ ላይ ተገኘ። ሌላው ግን ከየት መጣ? ከሰሚዎች ቤት መጣ! በ1963 ዓ.ም. መቅረጸ ድምፃቸውን ከራዲዮናቸው አጠገብ አድርገው የቀረጹ፣ ቴፑንም በሣጥናቸው ያስቀመጡ ተራ ሰዎች ናቸው ያተረፉት። በ1994 ዓ.ም. «ላይቭ አት ዘ ቢቢሲ» የተባለው ድርብ አልበም 56 ዘፈን ይዞ ሲወጣ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው ክፍል ሲከተል፣ ድምፃቸው ሻካራ የሆኑ አንዳንድ ዘፈኖች የተገኙት ከእነዚያ ሣጥኖች ነው። ታላቁ ድርጅት የደመሰሰውን ታናሹ ሰሚ ጠበቀው።

አድማጮቼ፣ ይህ ነገር እኛንም ይነካል። አምሃ እሸቴ በ1969 ዓ.ም. የራሱን የሸክላ ድርጅት አቁሞ ዘመናዊውን ሙዚቃችንን በሸክላ ማውጣት ከመጀመሩ በፊት፣ የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱና የሌሎቹም ኦርኬስትራዎች ድምፅ ወደ ብዙው ሕዝብ ቤት የገባው በራዲዮ ነው። ከናንተ መካከል አባቱ ወይም አጎቱ በዚያ ዘመን በቤታቸው ከራዲዮ የቀረጹት ቴፕ ያለው ሰው አይጠፋም ብዬ አምናለሁ። እባካችሁ፣ ሌላ ነገር አትቅረጹበት፤ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት፤ አባታችሁ በሕይወት ካሉ ዘመኑንና የዘፋኙን ስም ጠይቃችሁ በሽፋኑ ላይ ጻፉ፤ ከዚያም ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት (ወመዘክር) ወስዳችሁ ቅጂው እንዲቀመጥ ጠይቁ። ይህን ነገር ለነገ አታሳድሩት፤ ቴፑም ያረጃል፣ የሚያውቁት ሰዎችም ያልፋሉ።